የፊት ወንበር

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለወንጌላዊት፣

ሰላምታዬ ከደጃችሁ ጀምሮ እስከ ምድጃችሁ ይድረስ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። አባትሽን፣ ወንድሜን መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስን፣ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። የምንገናኘው በቅድመ አያት ቢሆንም እኔ ከሳቸው ሌላ ወንድም የለኝም።

ልጄ፣ ያን ክረምት እንዴት ብዬ ልርሳው? ሃያ ስምንት ዓመት በሰው አገር ስኖር እንደዚያ የጠገብኩበት ጊዜ የለም። የሐምሌ ሥላሴ ዕለት ታቦቱ ሲወጣ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ፀሐይ ብልጭ ስትል እንደ ሕፃን ያለቀስኩት ትዝ ይልሻል? ጎርጎራ ላይ በጀልባ ስንሄድ አሳው ሲዘል፣ ኮላ ድባ ገበያ ያን ሁሉ ሽምብራ ገዝተን ማን ይሸከመው ብለን ስንሳሳቅ፣ ሳንቃበር ላይ ጭላዳዎቹ ሙዜን ነጥቀውኝ ሲሮጡ! ከወለቃ የገዛሁት የሸክላ አንበሳ በሻንጣ ውስጥ አንዲት ጭረት ሳይነካው ገባ፤ አሁን ቴሌቪዥኔ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ልዑልቃል፣ የባለቤቴ የወንድም ልጅ፣ መኪናውን እየነዳ ያላደረሰን ቦታ የለም። ዕድሜ ይስጠው።

ቡሄን ደግሞ ከዳባት በላይ፣ በባለቤቴ አገር ዋልኩ። አንቺ አልነበርሽም። ወንዶቹ ሜዳ ላይ በጅራፍ ሲገራረፉ፣ ጀርባቸው ሰንበር በሰንበር ሲሆን፣ ከዚያ ተቃቅፈው አንድ ዋንጫ ጠላ ሲቀባበሉ ብታዪ! በቡሄ ሜዳ የተገረፈ አይከስስም፣ ቂምም አይዝም። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው አላመኑኝም። የልጆቹን ሆያ ሆዬ ልቀርጽ ስል ግን ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። ለከርሞ አደራሽን ቀርጸሽ ላኪልኝ። ያን ድምፅ ከሰማሁ ክረምቱ ሁሉ ይመለስልኛል።

እጅሽስ እንዴት ሆነ? ምነው ስልኬን አታነሺም? ያች መንገድ ላይ የተፈጠረችው ነገር ዘመድ እንድታለያይ አልፈልግም። እኔ እንደምታውቂው የተራራው ብርድ ደቁሶኝ ተኝቼ ነበር፤ ምን እንደተባባላችሁ አላውቅም። ለከርሞ ክረምት እመጣለሁ። ያኔ ሁላችሁንም ታርቃችሁ ባገኝ ደስታዬ ነው።

ሽሮ ቢገኝ በሰው ላኪልኝ።

እናትሽ በፍቅር
ይመኙሽ


ጎንደር፣ ኅዳር 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ይመኙሽ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ይህን ለወጉ ያህል አላልኩም፤ ጤነኛ ሆነው፣ ዓይንዎ ሳይደክም እንዲያነቡኝ እፈልጋለሁ። አባቴ ሰላም ብለውዎታል። እናቴ ሽሮውን አዘጋጅታለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል።

ስልክ የማላነሳው በስልክ የተባለ ነገር ነገ «አላልኩም» ስለሚባል ነው። ስለዚህ እጽፋለሁ። የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። የግራው ጀሶ ከተፈታለት ቆይቷል፤ ነገር ግን ክንዴ እንደ ድሮው አይዘረጋም። ጠመኔ እንጂ ባልዲ አያነሳም። የሸክላ አንበሳዎ ሳይሰበር መግባቱ ደስ ይላል።

ተኝተው ስለነበር፣ ያመለጠዎትን ልንገርዎ።

ከሰሜን ተራራ ስንመለስ እርስዎ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ልዑልቃል ይነዳል። እኔ ከኋላ፣ ከጎኔ ሙሉቀን የሚባለው ጓደኛው። ዳባት ሳንደርስ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገብስ ማሳዎቹ ታጠፈ። «ወዴት ነው?» ስል ልዑልቃል «ለእትዬ የባላቸውን አገር ላሳያቸው» አለ። ትንሽ ሄድንና በስፖኪዮው እያየኝ «አንቺም እዪው፣ መምህርት፤ ከዛሬ ጀምሮ አገርሽ ነው» አለኝ። ሙሉቀን ሳቀ። በሩን ስከፍት ሙሉቀን ፀጉሬን ከሥሩ ያዘኝ። እጁን ነከስኩት፤ ጥርሴ ከአጥንቱ እስኪገናኝ ነከስኩት። ልዑልቃል መኪናውን አቁሞ ዞሮ መጣ፣ ጎትቶ አወጣኝ። የበሩን ጠርዝ በግራ እጄ ጨብጬ አልለቅም አልኩ። «ልቀቂ» አለኝ። አልለቅም አልኩት። በሩን ዘጋው። በእጄ ላይ። ሁለት ጊዜ።

አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ከዚያ በቀኝ እጄ መሬት ስዳብስ ድንጋይ አገኘሁ፤ ግንባሩን ፈነከትኩት። ደሙ ዓይኑን ሲሸፍነው በገብሱ መሃል ሮጥኩ። አንዲት ገበሬ ሴት ከበረቷ ከከብቶቹ መሃል ሸሸገችኝ፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ከከሰል ጋር በአይሱዙ ተጭኜ ዳባት ጤና ጣቢያ ደረስኩ። እርስዎ ከዚያ በኋላ በዚያው አገር ቡሄን ዋሉ። ግንባሩ በፋሻ በታሰረ ሰው መኪና ተሳፍረው።

ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን «በቂ ማስረጃ የለም» ብሎ ዘግቶታል። ሁለቱ ወንዶች «ራሷ ወድቃ ነው» ብለው ቃል ሰጡ። አራተኛው ሰው እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ያዩትን ጽፈው በኤምባሲ አረጋግጠው ቢልኩልኝ መዝገቡ ይከፈታል። ከእርስዎ የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ በጎን ስፖኪዮው ውስጥ ዓይንዎን አየሁት። ክፍት ነበር።

ሌላም አለ። ከመምጣትዎ በፊት በሚያዝያ ደውለው አባቴን «የእናንተንና የባለቤቴን ቤተሰብ ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው» ብለዋቸው ነበር። አባቴ ቆጥረው «አይነካካም» አሉዎት። እርስዎም «እሰይ!» አሉ። አባቴ የዘር ሐረግ ለማወቅ የጓጉ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ ያ «እሰይ» ለምን እንደተባለ የገባኝ በዚያ በረት ውስጥ ተኝቼ ነው።

ወንጌላዊት


ፍራንክፈርት፣ የካቲት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንጌላዊት፣

ፈጣሪ ከክፉ ቃልም ከክፉ ሐሳብም ይጠብቅሽ። ሽሮው ደርሶኛል፤ እናትሽ እጇን አይንሳት፣ ቅመሙ ጣት ያስቆረጥማል። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ ነው። ደም ግፊቴ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ አልወርድም ብሏል።

ስለ ስፖኪዮው ያልሽው ስሕተት ነው። ዓይኔ ተከፍቶ ከነበረ እንኳ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር፤ መዝሙር በማዳመጫ እሰማ ነበር። እንዲያውም መዝሙሩን አስታውሰዋለሁ። ስለ ትውልዱም ቢሆን፣ አዎ፣ ልዑልቃል እንደሚወድሽ ነግሮኝ ነበር። መውደድ ወንጀል ነው? ልጁ ቤት አለው፣ መኪና አለው፣ አንቺም ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው። እኔ ራሴን በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከምንጭ ላይ በፈረስ ጠልፎ ነው የወሰደኝ። ሦስት ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖርን፣ ጀርመን ድረስ ይዞኝ መጣ። ነገሩ መጀመሪያው ላይ ብቻ ነው ክፉ የሚመስለው። ልጁ በሩን እንደዚያ ያደርገዋል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ጽሑፍ ልኬ የባለቤቴን ወገን ፍርድ ቤት ማቆም አልችልም። ከሞተ በኋላም ሐዘኔን የተሸከሙልኝ እነሱ ናቸው። እዚህ አስመጥቼ እጅሽን ባሳክምልሽስ? ስለ ቪዛው እኔ እጠይቃለሁ። ሽማግሎች እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። እባክሽ ልጄ፣ ለኔ ስትይ ተቀበያቸው። በሰላም አገሬን ልይ። ዕድሜዬ እየገፋ ነው፤ ስንት ክረምት ቀረኝ?

ይመኙሽ


ጎንደር፣ መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ይመኙሽ፣

ደም ግፊትዎ ይውረድልዎ። ለቪዛው አመሰግናለሁ፤ አልፈልገውም።

ሽማግሎቹ መጥተው ነበር። አምስት ነበሩ፤ መሪያቸው አያ ኪዳነ ማርያም ናቸው፣ የቡሄው ሜዳ ዳኛ። ልዑልቃል ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከኋላቸው ገባ። ጠባሳው እንዳይታይ መሆኑ ነው። ሳሎናችን ውስጥ አባቴ ከመጽሐፎቻቸው ጎን ተቀምጠዋል። ወንድሜ ሀብተሥላሴ በሩ ላይ ቆሟል።

አያ ኪዳነ ማርያም ጋቢያቸውን አስተካክለው «መሪጌታ፣ ልጃችን ወጣት ነው» አሉ። «ክረምቱ የበዓል ክረምት ነበር። እንግዳ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ ተደስቶ። ልጆቹ ተጫወቱ። ጨዋታው ትንሽ ጠነከረ።»

«ጨዋታ?» አልኩ።

«ጨዋታ ነው እንጂ፣ ልጄ። ቡሄ ላይስ ስንቱ ይሰበር የለም? ማን ይከስሳል? እሜቴ ይመኙሽ እንኳ እዚያው መኪና ውስጥ ሆነው እንቅልፋቸውን ተኝተዋል። ነገሩ ከባድ ቢሆን ሰው ይተኛል?»

እንቅልፍዎ እዚህ ድረስ መጥቶ መሰከረብኝ፣ እትዬ።

ልዑልቃል ኮፍያውን ገፋ አድርጎ ሳቀ። «መምህርት፣ አንቺ እኮ ግንባሬን ፈነከትሽው። እኔ ከሰስኩሽ?»

ሀብተሥላሴ ሊዘልበት ሲል አባቴ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «አያ ኪዳነ ማርያም፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ስለ ይቅርታ አስተምሬአለሁ። ያስተማርኩት ግን ይቅርታ ለሚጠይቅ ሰው ነው። ይህ ልጅ አልጠየቀም። እርስዎም አልጠየቁም። ጨዋታ ነው ብላችሁ ነው የመጣችሁት።»

«እንግዲህ የኛ ፍርድ ይኸው ነው» አሉ አያ ኪዳነ ማርያም ሲነሱ። «የክረምት ጨዋታ ነው።»

«ቃልዎን ያዝኩት፣ አያ» አልኳቸው። «ጨዋታ ነው ብለዋል።»

እትዬ፣ ከእንግዲህ ስለ መዝገቡ አልጽፍልዎትም። አሁን ሌላ ልመና አለኝ። በክረምቱ ይምጡ፤ በሰላም አገርዎን ይዩ። ቡሄንም እዚያው ሜዳ እንዋል። እኔም እመጣለሁ። እርስዎ ግን ከፊት እንዲቀመጡልኝ እፈልጋለሁ፤ ከፊት መቀመጥ እንደሚወዱ አውቃለሁ። ስልክዎንም ባትሪውን ሞልተው ይምጡ።

ወንጌላዊት


ፍራንክፈርት፣ ሰኔ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለሸጋዋ ልጄ፣ ለወርቄ ለወንጌላዊት፣

ደስታ እንደ ክረምት ጎርፍ ቤታችሁን ይሙላው! ደብዳቤሽን አንብቤ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ጥርት ያለ ልብ እንዳለሽ ድሮም አውቃለሁ። የመሪጌታ ልጅ!

ትኬቴን ቆርጫለሁ። ለሥላሴ እደርሳለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ጎርጎራ አድረን፣ አይከል ያለችውን የድሮ ጓደኛዬን ጠይቀን፣ ፋሲል ግቢን በጠራ ቀን አይተን፣ ከዚያ ቡሄን ከዳባት በላይ። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ የእርቁን ድግስ እኔ እደግሳለሁ። በግ አርደን፣ ሁለቱን ቤት አንድ ገበታ ላይ ላስቀምጥ። ለአንቺ ነጭ ቀሚስ በወርቅማ ጥለት አሠርቼ አመጣለሁ፤ ለፎቶ ያምርብሻል። ልዑልቃልም በስልክ ነግሬው «እሺ እትዬ» ብሎኛል። «ቡሄ ሜዳ ከመጣች ደፋር ናት» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ብትሰሚው ክፋት የለበትም።

ስለ ሆያ ሆዬው አትርሺ። ስልኬንም ባትሪውንም አዲስ ገዝቻለሁ።

እናትሽ
ይመኙሽ


ፍራንክፈርት፣ ነሐሴ 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንጌላዊት፣

እግዜር ይማርሽ። የምለው ይኸው ነው።

ምን ዓይነት ልጅ ነሽ? ትኬቴን ቀይሬ፣ ዘመን መለወጫን ሳላይ፣ ልብሴን እንኳ ሳላጥፍ ነው የመጣሁት። የገዛሁት በግ በባለቤቴ ወንድም ግቢ ታስሮ ቀረ። እነሱም ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሱም። አንዲት ክረምት ነበረችኝ፤ አጠፋሽብኝ።

ፖሊስ ደውሎልኝ ነበር። ሜዳው ላይ ጮኼ ተናገርኩ የሚባለውን ቃል እኔ አልተናገርኩም። ጩኸት ነበር፣ ሁሉም ይጮሃል፣ ማን ምን እንዳለ ማን ይለያል? ከአፌ ወጥቶም ከሆነ በድንጋጤ ነው። አምና መኪናው ውስጥ ደግሞ መነጽሬን አውልቄ ነበር፤ ያለ መነጽር የራሴን እጅ አላይም፣ ይህን የዓይን ሐኪሜ ይመሰክራል። ስሜን ከመዝገቡ አስወጪልኝ። ለሟቹ ባለቤቴ ስትይ፣ በአንድ ማዕድ ለበላነው ስትይ።

ያቺን ጥርስሽን እኔ አስተክልልሻለሁ።

ይመኙሽ


ጎንደር፣ መስከረም 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእትዬ ይመኙሽ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። ዓመቱ ዓይንዎም ጆሮዎም ደህና የሚሆኑበት ይሁንልዎ። መኪናው ውስጥ ተኝተው ነበር፤ በየካቲት ጆሮዎ ተደፍኖ ነበር፤ አሁን ደግሞ መነጽርዎ ወልቋል። ስለ ቡሄው ቀን ግን «አልተናገርኩም» ስላሉ ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ፤ ያን ዕለት ከፊት ስለተቀመጡ የጎደለ ካለ ያርሙኛል።

ያን ጅራፍ ወንድሜ ሀብተሥላሴ በመጋቢት ከቃጫ ገመደልኝ። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ከቤታችን ጓሮ ስለማመድ ሰነበትኩ። ጅራፍ ሲጮህ የምንሰማው ጫፉ ከድምፅ ፈጥኖ አየሩን ሲሰነጥቀው ነው። ይህን ለዐሥረኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሆነ ግን ወንድሜ ነው ያስተማረኝ። እኔ «አትራራልኝ» እያልኩት፣ እሱ እያለቀሰ። እናቴ ሰንበሬን በቅቤ ስታሽ «ምን ልትሆኚ ነው?» ትለኝ ነበር። ልትረዳኝ ስለማትችል አልነገርኳትም። ልንገርዎት፦ እኔ ለማሸነፍ አልተለማመድኩም። ለመቆየት ነው የተለማመድኩት።

ያን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ጭቃ ነበር። እርስዎ የፕላስቲክ ወንበር አስመጥተው፣ ነጠላዎን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ስልክዎን ከፍ አድርገው ከፊት ተቀመጡ። ልዑልቃል ሁለት ጎረምሶችን አሸንፎ ሸሚዙን አውልቆ ሲንጎራደድ እኔ ጅራፌን ይዤ ገባሁ። የሜዳው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል።

«እንዴ! ሊጥሽን ለማን ጥለሽ መጣሽ?» አለ አንዱ።

«መምህርት፣ ጠመኔ አይደለም እኮ!» አለ ሙሉቀን። እጁ ላይ የጥርሴ ምልክት አለ፤ ሲያጨበጭብ አየሁት።

አያ ኪዳነ ማርያም በዱላቸው መንገዴን ዘጉ። «ልጄ፣ ሴት እዚህ ሜዳ አትገባም። ወግ አይደለም።»

«አያ፣ አምና የሆነው የክረምት ጨዋታ ነው ብለው ፈርደዋል» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «አምና በጨዋታው ውስጥ ነበርኩ። ያኔ ሴት አትጫወትም ያለኝ የለም። ዘንድሮ ምን ተለወጠ?»

ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞር አሉ፣ ወደ ልዑልቃል አዩ። ልዑልቃል «ተዋት አያ፣ ትግባ» አለ። «አንዴ ብትቀምስ ትመለሳለች።» ያን ጊዜ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉና ሕጉን እንደ ወትሮው ጮኸው ተናገሩ፦ «ጅራፍ ብቻ! ፊት አይመታም! እጅ ያነሳ ከሜዳው ይወጣል፤ ነገሩም የሜዳው አይሆንም፣ የሕግ ነው!»

እኔ የመጣሁት ለዚያች የመጨረሻ ቃል ነበር።

የመጀመሪያው ጅራፉ ጀርባዬን ከትከሻ እስከ ወገብ ሰነጠቀው። ቀሚሴ ተቀደደ። ሰዉ «ኧረ!» አለ። አልጮህኩም። እኔም መታሁት፤ ሳቀ። ደግሜ መታሁት፤ ሳቁ አጠረ። ሦስተኛውን ጎኑ ላይ ሳሳርፈው ቆዳው ተከፈተና ደሙ በሱሪው ቀበቶ ላይ ሲወርድ ሳቁ ቆመ። ከዚያ ምን አደረገ? ግራ እጄን መረጠ። የሰበረውን። ጅራፉን በዚያ ክንዴ ላይ ጠመዘዘው፤ ሕመሙ እስከ ጥርሴ ወጣ፤ ጉልበቴ ከጭቃው ደረሰ። ሁሉም የት እንደመታኝ ያውቃል። ራሳቸው «ጨዋታ ነው» ያሉትን አጥንት መታ።

እኔ ግን ጅራፉን በክንዴ ላይ ሁለት ዙር ጠቀለልኩትና ያዝኩት። ጎተተ፤ አልለቅም አልኩ። «ልቀቂ» አለኝ። ይህቺን ቃል እናስታውሳታለን፣ እርስዎም እኔም። አልለቅም አልኩት። ጅራፉ ከመዳፉ ሾለከ፤ እሱ ባዶ እጁን ቀረ፣ እኔ በቀኝ እጄ ጅራፍ አለኝ። ሰንበሩ ላይ ሰንበር ደረብኩበት። አንድ ሰው ከኋላ «ልዑልቃል፣ በቃኝ በል!» ብሎ ሲስቅበት ሰማሁ። «በቃኝ» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ብዙ ወንዶች ብለውታል፤ ተቃቅፈው ጠላ ጠጥተዋል።

እሱ ግን ለሴት አይለውም። ይህን በሰበረው አጥንቴ ተምሬዋለሁ። አንዲት ሴት በወገኖቹ ፊት ጅራፉን ከቀማችው ሕግ አያስታውስም፣ ዳኛም አያይም። የቡጢው ኃይል ወደ ኋላ ጣለኝ። ጥርሴ ምላሴ ላይ ተንከባለለ። ላዬ ላይ ወጥቶ ደገመኝ፣ ሠለሰኝ። አፌ በደም ሞልቶ ሰማዩን አየሁ፤ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ እትዬ። በቀን ብርሃን ነበር። ሁለት መቶ ሰው ያይ ነበር።

ሁሉንም አስልቼ ነበር የሄድኩት፣ ከእርስዎ በቀር።

ወንበርዎ ሲወድቅ ሰማሁ። ስልክዎን ጭቃ ውስጥ ጥለው፣ ነጠላዎ ወልቆ፣ እየሮጡ መጥተው ፀጉሩን ያዙት። እንዲህ ብለው ጮኹ፦ «ልዑልቃል! አምና በመኪናው በር እጇን ሰበርክ፣ ዘንድሮ ልትገድላት ነው? እያየሁህ? ደግሞ እያየሁህ?»

ሁለት መቶው ሰው ሁሉ ሰማዎት። አያ ኪዳነ ማርያም ዱላቸውን ጥለው ወደ እርስዎ ዞሩ። ከዚያ «ተኝተው ነበር አላሉንም?» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ጎረምሶቹን «ያዙት» አሉ። «እጅ አንስቷል። ነገሩ የሜዳው አይደለም።» ሙሉቀን ሊሸሽ ሲል ወንድሜ ያዘው። ሽማግሌው ራሳቸው በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ወሰዷቸው፤ ራሳቸው ቃል ሰጡ። አምና የተዘጋው መዝገብም ተከፈተ። ልዑልቃልና ሙሉቀን ዛሬም እዚያው ናቸው።

ስለዚህ ስምዎን ከመዝገቡ አስወጪልኝ ብለው አይለምኑኝ። እኔ አይደለሁም ያስገባሁት፤ እርስዎ ነዎት፣ በገዛ ጉሮሮዎ። አባቴ ሲሰሙ «ይመኙሽ በመጨረሻ ነቃች» ብለው አለቀሱ። አልፎ አልፎ እኔም እናትዎ ብሆን ብዬ አስባለሁ፤ በዐሥራ ስድስት ዓመትዎ ምንጭ ላይ ሲጮሁ ማን ሰማዎት? ማንም። ያን ዕለት ሜዳው ላይ የጮኸችው ያቺ ልጅ ትመስለኛለች። ለሷ ስል ይህን ደብዳቤ በሰላምታ ጀምሬ በሰላምታ እጨርሰዋለሁ። ችሎቱ በኅዳር ነው። ቢመጡ ከጎኔ ቦታ አለ። ባይመጡም የሰማዎት ሁለት መቶ ሰው ይመጣል።

ጥርሴን አያስተክሉልኝ። ክፍል ውስጥ ስናገር በክፍተቷ ትንሽ ነፋስ ትገባለች፤ ተማሪዎቼ ለመዱኝ።

ወደ አደራዬ ልምጣ። ሆያ ሆዬውን ቀርጸሽ ላኪልኝ ብለውኝ ነበር። ያን ዕለት ወደ ማታ ላይ፣ ፊቴን አስሬ በዚያች ከበረቷ በሸሸገችኝ ሴት ቤት ተቀምጬ ሳለ (ስሟ ዝማሬ ነው፣ አሁን ጠይቄአታለሁ)፣ ልጆቹ ዱላቸውን እየደበደቡ ደጃፏ መጡ። የቡሄ ልጆች ግጥም ከቀኑ ወሬ እንደሚሠሩ ያውቃሉ። በስልኬ ቀረጽኳቸው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፍላሽ ልኬዋለሁ። ድምፁ ካልጠራልዎ ቃሉ ይኸው፦

አምና በማኪና እጇን ሰበረ፣
ዘንድሮ በሜዳ ጥርሷን ጨመረ፤
ፊት ወንበር የነበሩት እትዬ ይመኙ፣
ለካ አይተው ኖሯል ሳይተኙ ሳይተኙ።

ከዳባት እስከ ጎንደር ሁሉም ልጅ ይዞታል። ጎረቤታችን ያለው ሕፃን እንኳ መቀበሉን ያውቃል። ለከርሞ ክረምት ቢመጡ፣ የትኛውም ቤት ቢያርፉ፣ በቡሄ ማታ ደጅዎ ድረስ መጥተው ይዘፍኑልዎታል። ወጉን ያውቁታል፤ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። ሙልሙል አስጋግረው ይጠብቋቸው።

እናቴ ሽሮ ልካለች።

አክባሪዎ
ወንጌላዊት ኃይለ ጊዮርጊስ